ሉድቪግ ጋተርማን እና የአሮማቲክ አልዲሃይዶች ሲንተሲስ፦ የአንድ ኬሚስት ሕይወትና የዘዴው ወሰን

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ የጀርመናዊውን ኬሚስት የሉድቪግ ጋተርማንን (1860–1920) ሕይወት ይተርካል። ትኩረቱ እ.ኤ.አ. በ1897 እና በ1898 የታተሙት ሁለቱ የአሮማቲክ አልዲሃይድ ማዘጋጃ ዘዴዎች ናቸው። ጽሑፉ የሚከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፤ ሁለተኛው ዘዴ የተወለደው የመጀመሪያው ከማይሠራበት ቦታ ነው። የዘዴን ወሰን ለይቶ ማወቅና ለሌሎች ማስተማር ለጋተርማን ከግኝቱ የተለየ ሥራ አልነበረም። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ትምህርት ውስጥ ስማቸው ቀርቶ ሕይወታቸው የተዘነጋ ብዙ ሰዎች አሉ። ተማሪው የሚያውቃቸው በአጸግብሮት ስም ብቻ ነው። ስሙን ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ሰውዬው የት እንደኖረ፣ ምን እንደቸገረውና ለምን ያንን መንገድ እንደመረጠ ግን አይጠይቅም። ሉድቪግ ጋተርማን ከእነዚህ አንዱ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ስሙ በሦስት አጸግብሮቶች ላይ ተቀምጧል፤ ከሦስቱ ሁለቱ አሮማቲክ ውህዶችን ወደ አልዲሃይድ ለመለወጥ የሚያገለግሉ ናቸው።

የሰውዬውን ሕይወት ለመረዳት አስቀድሞ የገጠመውን ችግር መረዳት ያስፈልጋል። አሮማቲክ አልዲሃይድ ማለት በቤንዚን ቀለበት ወይም በመሰል ቀለበት ላይ የፎርሚል ቡድን የተቀጠለበት ውህድ ነው። በዚህ ቡድን ውስጥ አንዱ ካርቦን ከኦክስጅን ጋር በድርብ ቦንድ፣ ከሃይድሮጅን ጋር ደግሞ በነጠላ ቦንድ ይያያዛል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እነዚህ ውህዶች በእጅጉ ይፈለጉ ነበር። ፐርኪን በ1868 ኩማሪን የተባለውን መዓዛማ ውህድ ያዘጋጀው ከሳሊሲላልዲሃይድ ነው። ኦቶ ፊሸር በ1877 ማላካይት አረንጓዴ የተባለውን ቀለም ያገኘው ከቤንዛልዲሃይድ በመነሣት ነው። የቫኒላ መዓዛ ምንጭ የሆነው ቫኒሊንም አልዲሃይድ ነው።

ተፈላጊነታቸው ይህን ያህል ቢሆንም ማግኛ መንገዶቹ ጠባብ ነበሩ። በቀለበቱ ላይ ያለን የሜቲል ቡድን ኦክሳይድ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አልዲሃይድ በቀላሉ ወደ አሲድ ስለሚያልፍ ሥራውን በመካከል ማስቆም ያስቸግራል። በጎን ሰንሰለቱ ላይ ሁለት ክሎሪን አስገብቶ ከዚያ በውሃ መፍታትም ሌላው አማራጭ ነበር። ይህም ቢሆን አስቀድሞ በቀለበቱ ላይ ካርቦን እንዲኖር ይጠይቃል። ራይመርና ቲማን በ1876 ፌኖልን ከክሎሮፎርምና ከቤዝ ጋር በማዋሐድ ሳሊሲላልዲሃይድ አግኝተዋል፤ ዘዴው ግን ለፌኖሎች እንጂ ለተራ ሃይድሮካርቦኖች አያገለግልም። ፎርሚል ቡድንን በቀጥታ በሃይድሮካርቦን ቀለበት ላይ የሚያስቀምጥ መንገድ ገና አልተገኘም ነበር።

መንገዱ እንዳይገኝ ያደረገው ምክንያት ይታወቅ ነበር። ፍሪደልና ክራፍትስ በ1877 የአሲድ ክሎራይድን ከአሉሚኒየም ክሎራይድ ጋር በመጠቀም አሮማቲክ ኬቶኖችን የማዘጋጀት ዘዴ አስተዋውቀዋል። በዚሁ ስሌት አልዲሃይድ ለማግኘት የፎርሚክ አሲድ ክሎራይድ ያስፈልጋል። ይህ ውህድ ግን በጠርሙስ ውስጥ ሊቀመጥ አይችልም፤ ወዲያውኑ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ወደ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይበታተናል። ስለዚህ አመክንዮው የሚያሳየው መንገድ በእጅ በማይያዝ ውህድ ላይ ሲደርስ ይቆም ነበር።

ከጎስላር እስከ ጎቲንገን

ጋተርማን የተወለደው ሚያዝያ 20 ቀን 1860 በጎስላር ነው። ጎስላር በሰሜናዊው የሃርትዝ ተራሮች ግርጌ የምትገኝ፣ በራመልስበርግ ማዕድን የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ናት። ከሦስት ወንድሞቹና እኅቶቹ መካከል ሁለቱ በልጅነታቸው ሞተዋል። ኬሚስትሪን የቀመሰው በዚያው በትውልድ ከተማው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት የአንድ ዓመት የውትድርና አገልግሎት ሰጥቷል።

የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በ1881 በላይፕሲግ ጀመረ። በዘመኑ የጀርመን ተማሪዎች ልማድ እንደነበረው ግን በአንድ ቦታ አልረጋም። በሃይደልበርግ የቡንሰንን ትምህርቶች ተከታተለ፤ ከዚያም በበርሊን ሊበርማንን አዳመጠ። በ1883 ወደ ጎቲንገን ተሻግሮ በሃንስ ሁብነር ሥር የዶክትሬት ሥራውን ያዘ። ሁብነር በ1884 ሞተ፤ ጋተርማንም ጥናቱን ያለ አማካሪው ቀጥሎ በ1885 አጠናቀቀ። አማካሪውን በሥራው መካከል ያጣ ተማሪ ምን እንደሚገጥመው ለዚህ መድበል አንባቢዎች ማብራራት አያስፈልግም።

በዚያው ዓመት ቪክቶር ማየር የጎቲንገንን የኬሚስትሪ ተቋም ለመምራት መጣ። ማየር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ታዮፊን የተባለውን ሰልፈር ያዘለ ቀለበታዊ ውህድ ያገኘ፣ ዝናው የገነነ ሰው ነበር። ወጣቱን ዶክተር ረዳቱ አድርጎ ወሰደው። ይህ ግንኙነት ለአሥራ ሁለት ዓመታት ያህል የጋተርማንን ሕይወት ወሰነ።

በጎቲንገን ከሠራቸው ሥራዎች መካከል ባሕርዩን በግልጽ የሚያሳየው በ1888 የወጣው የናይትሮጅን ትራይክሎራይድ ጥናት ነው። ይህ ቢጫ ዘይት መሰል ፈሳሽ በትንሽ ምክንያት የሚፈነዳ ነው። በ1810ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው ፈረንሳዊው ዱሎንግ በፍንዳታው ሁለት ጣቶቹንና የአንድ ዓይኑን ብርሃን አጥቷል። እንግሊዛዊው ዴቪም በዚሁ ውህድ ተጎድቷል። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ስለፈሩት የውህዱ ትክክለኛ ይዘት ለአሥርተ ዓመታት አከራካሪ ሆኖ ቆየ።

ጋተርማን ችግሩን በሁለት ደረጃ ፈታው። በቀደመው መንገድ የሚገኘው ፈሳሽ ንጹሕ ውህድ ሳይሆን የክሎሪን መጠኑ የሚለዋወጥ ድብልቅ መሆኑን አሳየ። ቀጥሎም ድብልቁን በውሃ አጥቦና የክሎሪን ጋዝ አሳልፎበት ክሎሪኑ የተሟላለትን ውህድ አገኘ፤ ከዚያም መዝኖ ይዘቱን ለካ። ድንገተኛ የሚመስሉት ፍንዳታዎችም በብርቱ ብርሃን ሊቀሰቀሱ እንደሚችሉ አስተዋለ። ሌሎች ዕድል ብለው የተዉትን አደጋ ምክንያት ፈልጎለት በጥንቃቄ ሊመራ የሚችል አደረገው።

ሃይደልበርግ፦ መዳብና መጽሐፍ

በ1889 ቡንሰን ጡረታ ሲወጣ ማየር በቦታው ወደ ሃይደልበርግ ተጠራ። ጋተርማንም አብሮት ሄደ። በተማሪነት ያዳመጠበትን ተቋም አሁን በመምህርነት ተመለሰበት።

በ1890 የመጀመሪያው በስሙ የሚጠራ አጸግብሮት ታተመ። ሳንድማየር በ1884 የዳያዞኒየም ጨዎችን በኩፕረስ ጨዎች አማካይነት ወደ አሮማቲክ ሃላይዶች የሚለውጥ መንገድ አግኝቶ ነበር። ጋተርማን ደግሞ አዲስ የተዘጋጀ የመዳብ ዱቄት ያንኑ ሥራ በዝቅተኛ ሙቀት ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። መዳብ በዚህ ሰው ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሰባት ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ይመለሳል።

በ1894 የመጽሐፉ የመጀመሪያ እትም ወጣ። ዲ ፕራክሲስ ዴስ ኦርጋኒሸን ኬሚከርስ የተባለው ይህ ሥራ ስለ ኦርጋኒክ ኬሚስት የተግባር ሥራ የሚያስተምር መመሪያ ነው። አጠቃላይ ክፍሉ ክሪስታል ማድረግን፣ ማንጠርን፣ ማጥለልን፣ ማድረቅንና የንጥረ ነገሮች ትንተናን ያስተምራል። ልዩ ክፍሉ ደግሞ የተመረጡ ውህዶችን አዘገጃጀት በቅደም ተከተል ያቀርባል። መጽሐፉን ከምግብ አሠራር ዝርዝር የለየው ከአዘገጃጀቶቹ በኋላ የሚከተለው ማብራሪያ ነው። ተማሪው አንዱን ውህድ በእጁ ከሠራ በኋላ አጸግብሮቱ ለየትኞቹ ሌሎች ውህዶች እንደሚሠራ፣ ለየትኞቹ እንደማይሠራና ለምን እንደዚያ እንደሆነ ያነባል። መጽሐፉ በ1896 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። በተማሪዎች ዘንድም በደራሲው ስም ብቻ እስከመጠራት ደረሰ።

1897፦ በእጅ የማይያዘው ውህድ

በ1897 ጋተርማን ከኮክ ጋር የአሮማቲክ አልዲሃይዶችን አዲስ ሲንተሲስ አሳተመ። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። የፎርሚክ አሲድ ክሎራይድ ወደ ሁለት ጋዞች የሚበታተን ከሆነ፣ ሁለቱን ጋዞች አብሮ በማቅረብ እንደ ክሎራይዱ ሊያሠሯቸው ይቻላል። ስለዚህ ደረቅ ካርቦን ሞኖክሳይድና ደረቅ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ከውሃ የጸዳ አሉሚኒየም ክሎራይድ ባለበት ቶሉይን ውስጥ እንዲያልፉ ተደረገ። ከዚህም ጋር ጥቂት ኩፕረስ ክሎራይድ ተጨመረ። ኩፕረስ ክሎራይድ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር የመጣመር ችሎታ ስላለው ጋዙ በተራ የአየር ግፊት ከድብልቁ ጋር እንዲገናኝ ይረዳል። ውጤቱ የፎርሚል ቡድኑ ከሜቲሉ ፊት ለፊት የተቀመጠበት ፓራ ቶልዋልዲሃይድ ነበር።

ዛሬ ይህን አጸግብሮት የምናብራራው ኤሌክትሮን በሚሹ ክፍሎች በሚፈጸም አሮማቲክ መተካካት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጅን ክሎራይድና አሉሚኒየም ክሎራይድ ተባብረው የፎርሚል ካታዮን የሚመስል ክፍል ይፈጥራሉ፤ ቀለበቱም በኤሌክትሮኖቹ ያጠቃዋል። ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው ጉዳይ ሚዛኑ ነው። ቤንዚንና ካርቦን ሞኖክሳይድ በተራ ሁኔታ ቤንዛልዲሃይድ ወደመሆን አያዘነብሉም። አጸግብሮቱን ወደፊት የሚስበው የተፈጠረው አልዲሃይድ ከአሉሚኒየም ክሎራይድ ጋር ጠንካራ ጥምረት መፍጠሩ ነው። አሉሚኒየም ክሎራይድ እንደ ተራ ካታሊስት በጥቂቱ ሳይሆን ቢያንስ ከሚጠበቀው አልዲሃይድ ጋር በተመጣጣኝ መጠን የሚጨመረውም ስለዚህ ነው። በመጨረሻ ድብልቁ በበረዶ ላይ ሲፈስ ጥምረቱ ይፈታል፤ አልዲሃይዱም በሶዲየም ባይሰልፋይት አማካይነት ከቀሪው ሃይድሮካርቦን ይለያል።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ቪክቶር ማየር ለረጅም ጊዜ ከተፈራረቀበት ሕመምና የመንፈስ ጭንቀት በኋላ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ዕድሜው 48 ነበር። ጋተርማን ለሁለተኛ ጊዜ አለቃውን በሞት አጣ። ቴዎዶር ኩርትዩስ በ1898 ተሹሞ እስኪመጣ ድረስም የተቋሙን አመራር በጊዜያዊነት ተሸከመ።

1898፦ ከወሰኑ ማዶ

የ1897ቱ ዘዴ ለቶሉይንና ለመሰል ሃይድሮካርቦኖች ያገለግላል። ሦስት ግልጽ ድክመቶች ግን ነበሩት። ቤንዚን ራሱ በተራ ግፊት በቂ ምርት አይሰጥም። እንደ ናይትሮቤንዚን ያሉ ኤሌክትሮናቸው የተሳበባቸው ቀለበቶች ፈጽሞ አይነኩም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፌኖሎችና የፌኖል ኢተሮች አይሠሩም። ይህ የመጨረሻው እንቆቅልሽ ነበር፤ እነዚህ ቀለበቶች በኤሌክትሮን የበለጸጉ ስለሆኑ ከቶሉይን ይልቅ ፈጥነው እንዲሠሩ ይጠበቃል። እንቅፋቱ ያለው በኦክስጅናቸው ላይ ነው፤ ኦክስጅኑ ከአሉሚኒየም ክሎራይድ ጋር ይጣመርና የአጸግብሮቱን መንገድ ይዘጋል። እነዚህ ውህዶች ደግሞ ለመዓዛና ለቀለም ሥራ እጅግ የሚፈለጉት ነበሩ።

በ1898 የታተመው ሁለተኛው ዘዴ የተነሣው ከዚህ ቦታ ነው። ጋተርማን ካርቦን ሞኖክሳይድን ትቶ በምትኩ ሃይድሮጅን ሳያናይድን ወሰደ። ሃይድሮጅን ሳያናይድ ከሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋር ሲጣመር በናይትሮጅን በኩል የፎርሚክ አሲድ ክሎራይድ ዘመድ የሆነ ክፍል ይሰጣል። ይህ ክፍል ቀለበቱን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚፈጠረው የኢሚን ጨው ነው፤ ጨውም በውሃ ሲፈታ አልዲሃይዱን ያወጣል። ለፌኖሎች ከአሉሚኒየም ክሎራይድ የለዘበው ዚንክ ክሎራይድ ስለሚበቃ የቀደመው እንቅፋት ተወገደ። ከአኒሶል ፓራ አኒሳልዲሃይድ፣ ከፌኖል ደግሞ ፓራ ሃይድሮክሲቤንዛልዲሃይድ ተገኘ። የራይመርና የቲማን ዘዴ በአብዛኛው ፎርሚሉን ከሃይድሮክሲሉ አጠገብ ሲያስቀምጥ፣ የጋተርማን ዘዴ ከፊት ለፊቱ ያስቀምጠዋል። በዚህም ሁለቱ ዘዴዎች ተተካኪ ሳይሆኑ ተደጋጋፊ ሆኑ።

ይህ እድገት ያለ ዋጋ አልመጣም። ሃይድሮጅን ሳያናይድ በ26 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚፈላ፣ በትንሽ መጠን የሚገድል መርዝ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድም ቢሆን ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። ጋተርማን ከአንዱ አደገኛ ጋዝ ወደ ሌላው የተሻገረው በናይትሮጅን ትራይክሎራይድ ላይ ያዳበረውን ጥንቃቄ ይዞ ነው። ሆኖም የአንድ ሰው የእጅ ብቃት ለሺህ ተማሪዎች ዋስትና ሊሆን አይችልም። ይህን የዘዴውን ድክመት ያቃለሉት ከእሱ በኋላ የመጡ ናቸው።

ፍራይቡርግና ከዚያ በኋላ

በ1900 ጋተርማን በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በዚያው ቆየ። በ1906 እና በ1907 ስለ አሮማቲክ አልዲሃይዶች ሲንተሲስ ሰፋፊ ጥናቶችን በሊቢግስ አናለን መጽሔት አሳተመ። በእነዚህ ጥናቶች ዘዴዎቹ በብዙ ውህዶች ላይ ተፈትነው ቀርበዋል። አጭር የመጀመሪያ ዘገባ አውጥቶ ወደ ሌላ ርእስ መሻገር ቀላል ነበር። እሱ ግን ወደ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የራሱን ዘዴ ሲመረምር ቆየ።

ሰኔ 20 ቀን 1920 በ60 ዓመቱ በፍራይቡርግ ሞተ። በ1921 ወንበሩን የተረከበው ኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ሃይንሪሽ ቪላንድ ነው። ቪላንድ መጽሐፉንም ተረክቦ እያሻሻለ ማሳተሙን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ በሁለቱ ስም ሲጠራ ኖሯል፤ የአልዲሃይድ ሲንተሲሶቹም በውስጡ ከተማሪዎች መልመጃዎች መካከል ቦታ አግኝተዋል።

ዘዴዎቹም ከደራሲያቸው በላይ ኖሩ። ሆሽ በ1915 ሃይድሮጅን ሳያናይድን በሌሎች ናይትራይሎች በመተካት የ1898ቱን ሐሳብ ወደ ኬቶኖች አስፋፍቶት ነበር። በ1923 ሮጀር አዳምስና ሌቪን ዚንክ ሳያናይድን በመጠቀም ሃይድሮጅን ሳያናይዱና ዚንክ ክሎራይዱ በአንድ ጊዜ በዕቃው ውስጥ እንዲፈጠሩ አደረጉ። በዚህም መርዛማውን ፈሳሽ አስቀድሞ የማዘጋጀት ግዴታ ቀረ። በ1927 ፊልስማየርና ሃክ በፎስፎረስ ኦክሲክሎራይድና በተተካ ፎርማማይድ የሚሠራ ሌላ መንገድ አስተዋወቁ። ዛሬ በኤሌክትሮን የበለጸጉ ቀለበቶችን ፎርሚል ለማድረግ በቤተ ሙከራ በብዛት የሚመረጠው ይህ ነው። ይሁንና መሠረተ ሐሳቡ ያው ነው፤ በእጅ ሊያዝ የማይችለው የፎርሚክ አሲድ ክሎራይድ በሚያዝ ዘመዱ ይተካል።

ማጠቃለያ

የጋተርማን ሕይወት ከውጭ ሲታይ ጸጥ ያለ የመምህር ሕይወት ነው። ለእኛ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ግን ሁለት ነገሮችን ያስጨብጠናል። የመጀመሪያው የማይሠራ ውጤት ስላለው ዋጋ ነው። በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውስጥ የሠሩትን ሙከራዎች በሰንጠረዥ አሰልፈን ያልሠሩትን በዝምታ የማለፍ ፈተና አለብን። ጋተርማን አኒሶል በ1897ቱ ዘዴ አለመሥራቱን በዝምታ አልፎት ቢሆን ኖሮ የ1898ቱ ጥያቄ ባልተነሣ ነበር። ያልሠራው ውህድ ለምን እንዳልሠራ ሲጠየቅ ቀጣዩን ዘዴ ወለደ።

ሁለተኛው ምርምርና ማስተማር ስላላቸው ዝምድና ነው። አንድ ዘዴ ከፈጣሪው እጅ ወጥቶ የብዙዎች የሚሆነው ሌላ ሰው፣ በሌላ ቤተ ሙከራ፣ በጥንቃቄ ሊደግመው ሲችል ነው። ጋተርማን ይህን በተግባር መመሪያው ፈጽሞታል። የአጸግብሮቱን ስም ከነወሰኑና ከነአደጋው ማጥናት ይህን ውለታ ማክበር ነው፤ ወሰኑን ሳያውቅ ዘዴውን የሚጠቀም ተማሪ ምርቱን ብቻ ሳይሆን ጤናውንም ለአደጋ ያጋልጣል።